የእግር መንገዱን ማን ዘጋው?

እንጦጦ ከሜክሲኮ ይታያል። ፎቅ ያልጋረደበት ሰው ጠዋት መስኮቱን ሲከፍት ጋራው በስተሰሜን ተጋድሞ፣ ባሕር ዛፉ ጠቁሮ፣ ጉሙ ወገቡ ላይ ተጠምጥሞ ያየዋል። ቅርብ ይመስላል። ምን ያደርጋል! እዚያ ደርሶ፣ ጫካ ውስጥ ሁለት ሰዓት ሮጦ፣ የማያውቀውን ቀጭን መንገድ ተከትሎ ወጥቶ ወርዶ ለምሳ ቤቱ መመለስ ለእኛ ለሜክሲኮና ለልደታ ሰዎች የዕረፍት ቀንን ሙሉ የሚበላ ጣጣ ሆኖብናል። ስለ ዳገቱ ድካም ያማረረ ሯጭ አላውቅም፤ ዳገቱንማ ፈልገነው ነው የምንሄደው። የሚያስመርረን ከሩጫው በፊትና ከሩጫው በኋላ ያለው ነው። አሁን አሁን ደግሞ መሀሉም ተጨመረበት።

ከደጃፍ ልጀምር። ሯጭ ማልዶ ይነሳል፤ ከተማው ሳይነቃ፣ ጭሱ ሳይነሳ ካልወጡ ሩጫ የለም። ሌሊት ዐሥራ አንድ ሰዓት ግድም የወጣን ሰው መጀመሪያ የሚቀበለው የውሻ መንጋ ነው። ቀን ጥላ ሥር ተኝተው የዋሉት ሌሊት ሰፈሩን ይረከቡታል። ቀስ ብሎ ለሚያልፍ ብዙም አይነሱም፤ የሚሮጥ እግር ሲያዩ ግን ግር ብለው ይመጣሉ። ስለዚህ ድንጋይ ጨብጠን እንሮጣለን፤ ሴቶቹም ወንዶቹም። የእብድ ውሻ በሽታ በሀገራችን ዛሬም ሰው ይገድላል፤ ምልክቱ አንዴ ከታየ መዳኛ የለውም። የተነከሰ ሰው ክትባት ፍለጋ ከጤና ጣቢያ ጤና ጣቢያ ሲንከራተት ያየ ይህን ነገር እንደ ቀላል አይቆጥረውም። ባለቤት ያላቸውን ውሾች እንኳ ሌሊት በራቸውን ከፍተው የሚለቁ ጎረቤቶች አሉን፤ ብንነግራቸው ይቀየሙናል።

በኮሪደር ልማቱ የእግረኛው መንገድ በብዙ ቦታ ሰፍቷል፤ መብራትም ገብቷል። ይህን መካድ ነውር ነው። ነገር ግን ዋናውን ጎዳና ለቀው ወደ ውስጥ ሲታጠፉ የድሮው ነገር ይጠብቅዎታል፦ ክዳኑ የተወሰደ የፍሳሽ ጉድጓድ፣ መንገድ ላይ የተከመረ አሸዋና ጠጠር፣ እግረኛው መሄጃ ላይ ጎማውን ሰቅሎ ያደረ መኪና። የተነጠፈው ሰቅም ቢሆን ለመራመድ እንጂ ለመሮጥ አይደለም። ጤዛ ወይም ካፊያ ሲነካው ያንሸራትታል፤ ደረቅም ሲሆን ጉልበትንና ቅልጥምን ይደበድባል። አትሌቶቻችን ሳምንታቸውን በጫካ፣ በኮረኮንችና በአስፋልት የሚከፋፍሉት ያለ ምክንያት አይደለም። ጫካው እግርን ያሳርፋል፤ ቁርጭምጭሚትን ያጠነክራል፤ ሐሳብንም ያሳርፋል። አስፋልት በሳምንት አንድ ቀን ነው። ለእኛ ለተራዎቹ ግን ሳምንቱን ሙሉ የተረፈን አስፋልትና ሰቅ ብቻ ነው።

ታዲያ ጫካው ጋ እንሂድ ስንል ትራንስፖርቱ ይመጣል። ሜክሲኮን የሚያውቅ ሰው ማለዳ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሰልፉ ምን እንደሚመስል መንገር አያስፈልገውም። የሳር ቤቱ፣ የጀሞው፣ የአየር ጤናው፣ የቦሌው፣ ሁሉም እዚህ ይገናኛል። እንጦጦ ለመውጣት በፒያሳ ወይም በአራት ኪሎ አድርገን ሽሮ ሜዳ፣ ከሽሮ ሜዳ ደግሞ ሌላ ታክሲ መያዝ አለብን። እያንዳንዱ መቀያየሪያ ላይ ሌላ ሰልፍ፣ ሌላ ሒሳብ፣ ሌላ "መልስ የለኝም" አለ። ባለታክሲው ሰው መብዛቱን ካየ መንገዱን ይቆርጠዋል፤ ፒያሳ ብሎ የጫነውን ለገሃር ላይ "ወራጅ" ይለዋል፤ ያው ሰው ያንኑ መንገድ ሁለት ጊዜ ይከፍላል። አሮጊቷም፣ ተማሪውም፣ ነርሷም ይከፍላሉ። ሯጩ ቢያንስ እግር አለው። ከለገሃር ወደ ላይ በሩጫ እንዳይቀጥል ግን የቸርችል ዳገት የናፍጣ ጭስ ይጠብቀዋል። ጤና ፍለጋ ወጥቶ ጥላሸት ሲምግ መዋል ማንን ይጠቅማል?

ባቡሩ ነበረን። መስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ሜክሲኮ ሁለቱም መስመሮች የሚያልፉበት ጣቢያ በመሆኑ ደስታችን ልዩ ነበር፤ ከዚህ ተሳፍሮ ምኒልክ አደባባይ መውረድ፣ ከዚያ ጋራው ሥር መድረስ። በ41 ባቡሮች የተጀመረው አገልግሎት በመለዋወጫ እጥረት ብዙዎቹ ቆመውበት መቅረቱ በተደጋጋሚ የተነገረ ነው። አሁን ጣቢያው ላይ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ባቡር ሲመጣለት እንኳ መግቢያ አያገኝም።

የአክስቴ ልጅ ስኮትላንድ ነው የምትኖረው። ለዕረፍት ገጠር ወጥታ የሮጠችበትን አንድ ቀን በስልክ ስትተርክልኝ ቅናቴን መደበቅ አቃተኝ። ካረፈችበት ቤት ወጥታ የጫማዋን ማሰሪያ አጥብቃ ብዙም ሳትርቅ ዱካው ላይ ናት። የበጎች በር ከፍታ ታልፋለች፤ መልሳ ትዘጋለች፤ ቀጭኑ መንገድ ኮረብታውን ዞሮ ወደ ሐይቅ ይወስዳታል። የፈረሰ ግንብ ካየች ጎራ ብላ ታያለች። መገናኛው ላይ ሁሉ የእንጨት ምልክት ተተክሏል። "ማን ፈቀደልሽ?" ያላት የለም። እኔም ጠየቅኋት፤ መሬቱ የማን ነው? የባለርስት ነው አለችኝ። እንደዚያም ሆኖ የስኮትላንድ ፓርላማ እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣው የመሬት ማሻሻያ ሕግ ማንኛውም ሰው፣ የሰው ጓሮና የተዘራ ማሳ ሲቀር፣ ጥፋት እስካላደረሰ ድረስ በአብዛኛው መሬት ላይ በእግሩ የማለፍ መብት አለው። ከግላስጎው ደጃፍ ተነስቶ እስከ ፎርት ዊሊያም 154 ኪሎ ሜትር የሚሄድ የእግር መንገድም አላቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1980 የተከፈተ፣ ከዳር እስከ ዳር ምልክት ያለው።

ይህን የማነሳው ፈረንጅ ለማመስገን አይደለም። በተፈጥሮ ከነሱ እንበልጣለንና ነው የሚቆጨኝ። የስኮትላንድ ብቻ ሳይሆን የመላው ብሪታንያ ረጅም ተራራ ቤን ኔቪስ 1,345 ሜትር ነው። ሜክሲኮ አደባባይ ላይ ታክሲ የሚጠብቅ ሰው ከዚያ ተራራ ጫፍ አንድ ሺህ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ቆሟል። እንጦጦ ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። እዚያ ላይ አየሩ ስስ ነው፤ በአንድ ትንፋሽ የሚገኘው ኦክስጅን በባሕር ወለል ከሚገኘው ሰባ በመቶ ያህል ብቻ በመሆኑ ሰውነት በጊዜ ብዛት ደሙን አበልጽጎ ይለምደዋል። ዓለም ገንዘብ ከፍሎ የሚመጣበት ይህ ነው። በኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ ጥናቱን የሠራው ሯጩ ማይክል ክራውሊ አዲስ አበባ ተቀምጦ፣ ከእኛ ልጆች ጋር በየጫካው እየሮጠ፣ ስለነሱ መጽሐፍ ጽፎ እ.ኤ.አ. በ2020 አሳትሟል።

ኤድንብራስ ቢሆን ማንን አየ? መጋቢት 2000 ዓ.ም. የዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና በዚያች ከተማ ሲካሄድ ቀነኒሳ በቀለ ገና ከመነሻው ጫማው ተረግጦ ወለቀበት። ቆመ፤ አጠለቀ፤ ከኋላ ተነስቶ ሁሉንም አልፎ አሸነፈ። በዚያው ቀን ጥሩነሽ ዲባባ የሴቶቹን፣ ኢብራሂም ጄይላንና ገንዘቤ ዲባባ የወጣቶቹን ወሰዱ። አራቱም የግል ወርቅ የእኛ! ይህ ድል የመጣው ከአስፋልት አይደለም። አገር አቋራጭ ማለት ሣር፣ ጭቃ፣ ዳገትና ቁልቁለት ነው፤ ያንን ያስተማራቸው የገጠሩ የእግር መንገድና ጫካው ነው።

የሰፈራችን ስም ራሱ እንዲህ ያለውን ድል ያስታውሳል። አደባባዩ ሜክሲኮ የተባለው ያች ሀገር የፋሺስት ኢጣሊያን ወረራ አልቀበልም ብላ ከኢትዮጵያ ጎን በመቆሟ ነው፤ እነሱም ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥ በኢትዮጵያ ስም የሚጠራ አደባባይ አላቸው። እዚያው ሜክሲኮ ሲቲ በ1961 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ማሞ ወልዴ የማራቶን ወርቅ አገኘ። ከተማዋ 2,240 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ የሌላው ሀገር ሯጭ ሲታፈን ለማሞ አየሩ የሀገሩ ነበር። እኛ በዚህ ስም በሚጠራ አደባባይ ዙሪያ ተወልደን አድገን ልጆቻችንን የምናስሮጥበት አንድ የአፈር ሜዳ የለንም። ኳስ ሜዳ የነበረው ተገነባ፤ ያልተገነባው ታጠረ። የቀድሞው የልደታ መንደር በኮንዶሚኒየም ሲተካ ቤት አግኝተናል፤ ሜዳ ግን አላገኘንም። ልጁ ኮሪደር ላይ ሲሮጥ ጎረቤት ይቆጣል፤ ታች ወርዶ ሲሮጥ መኪና ይመጣበታል። የት ይሩጥ?

አሁን ወደ ጫካው ልግባ፤ እሮሮዬ የሚከብደው እዚህ ነው።

የእንጦጦ የእግር መንገዶች ማንም መሐንዲስ አልቀየሳቸውም። ባሕር ዛፉ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የማገዶ እጥረት ለማቃለል ከአውስትራሊያ መጥቶ ከተተከለ ጀምሮ፣ ከዚያም በፊት ቤተ መንግሥቱ ጋራው ላይ ሳለ፣ ሰው ወደ ፍል ውኃ ሲወርድና ሲወጣ መሬቱን እየረገጠ ያወጣቸው ናቸው። ማርያም የሚሳለመው፣ ራጉኤል የሚሄደው፣ አህያ የሚነዳው፣ ከሁሉም በላይ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱት እናቶች። እነዚያ እናቶች ጎንበስ ብለው፣ ጭነታቸው ከቁመታቸው በላይ ሆኖ፣ ዳገቱ ላይ ሲወርዱ ያየ ሯጭ መንገድ ይለቅላቸዋል። መንገዱ የነሱ ነው። አትሌቶቹም ተሰልፈው በዛፎቹ መሀል እየተጠማዘዙ ሲሮጡ ሌላ ቀጭን ዱካ ያወጣሉ። እንዲህ ያለ መንገድ የሕዝብ ሥራ ነው፤ የመቶ ዓመት ሥራ።

ችግሩ ይህ መንገድ የትም አለመጻፉ ነው። ካርታ ላይ የለም፤ መዝገብ ላይ የለም። ያልተጻፈን ነገር መዝጋት ቀላል ነው። ባለፈው ሳምንት ያለፍኩበት ዱካ ዛሬ ቆርቆሮ ቆሞበት አገኘዋለሁ። የማን አጥር ነው? የሚመልስ የለም። ጥበቃው "እንዳታሳልፍ ተብያለሁ ወንድሜ" ይላል፤ እሱም እንጀራው ነው፣ አልፈርድበትም። ከጥቂት ጊዜ በፊት እንዲህ ያለ አጥር ሥር ጭራሮአቸውን አስደግፈው ያረፉ አንዲት እናት "እማማ፣ በዚህ በኩል መውረጃ አልነበረም እንዴ?" ብዬ ጠየቅኋቸው። "ነበረ ልጄ። ዘጉት። አሁን በወንዙ ዞረን ነው የምንወርደው፤ ክረምት ሲሆን ደግሞ ወንዙም አያሳልፍ" አሉኝ። እኔ በደስታዬ ለምሮጠው ዙሩ ተጨማሪ ልምምድ ነው። እሳቸው ግን ሸክሙን ተሸክመው ነው የሚዞሩት።

የእንጦጦ መናፈሻ መስከረም 2013 ዓ.ም. ሲከፈት ጥሩ ነገር መጥቷል። ቤተሰብ የሚዝናናበት፣ ብስክሌት የሚነዳበት፣ በምሽት መብራት ያለበት ቦታ ሆኗል፤ ድሮ በፍርሃት የሚታለፍ የነበረው አሁን ልጅ ይዘው የሚሄዱበት ነው። በዚህ ደስ ይለኛል። መናፈሻ ግን የጫካን መንገድ አይተካም። የተነጠፈ መንገድ ላይ መራመድ አንድ ነገር ነው፤ ከዛፍ ሥር፣ በቅጠል በተሸፈነ አፈር ላይ፣ ቀጥሎ የት እንደሚያደርስ ሳያውቁ መሮጥ ሌላ። ሁለቱም ያስፈልጉናል።

በጫካው መንገድ ላይ ምልክት የሚባል ነገርም የለም። መንገዱ ሦስት ቦታ ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ሱሉልታ ያወጣዎታል፣ አንዱ ወደ ጉለሌ ይመልስዎታል፣ አንዱ ገደል አፋፍ ላይ ያቆምዎታል። ጉም ሲወርድ ደግሞ አምስት እርምጃ ወደ ፊት አይታይም። የሚጠጣ ውኃ፣ መጸዳጃ ቤት፣ ወደቀ ተሰበረ ቢባል የሚጠራ ሰው ከሌለ ሰው እንዴት ልጁን ይዞ ይውጣ? አንድ የእንጨት ሰሌዳ፣ ቀለም የተቀባ ድንጋይ ስንት ብር ይፈጃል?

ብቻን መሄድ ደግሞ አይመከርም። ስልክ የሚነጥቁ አሉ፤ ስለዚህ ስልክ ቤት ትተን እንወጣለን፤ ስልክ ከሌለ ደግሞ ቢጠፉ መደወያ የለም። ሴት እህቶቻችን የሚደርስባቸው ከዚህ ይብሳል። ሱሪና ካናቴራ ለብሳ የምትሮጥ ልጅ ከሜክሲኮ እስከ መስቀል አደባባይ ድረስ የሚነገራትን መስማት ያሳፍራል። የደራርቱና የጥሩነሽ ሀገር ነው ይህ! ወንዱን "አይዞህ ኃይሌ!" እያለ የሚያበረታታ አፍ እሷን ሲያይ ለምን እንደሚበላሽ አይገባኝም። ጓደኞቻችን ብዙዎቹ በዚህ ምክንያት መሮጥ ትተዋል። በጣም ያሳዝነኛል።

ጫማው ላይ ብዙ አልቆይም። ኦርጂናሉ ዋጋው የደመወዝ ነው፤ ኮፒው በሦስት ወር ሶሉ ይገነጠላል። ልባሽ ተራ ሄደን ቁጥራችን እስኪገኝ እናገላብጣለን። አበበ ቢቂላ በ1952 ዓ.ም. ሮም ላይ በባዶ እግሩ አሸንፏል እያሉ የሚያጽናኑን አሉ። አበበ የሮጠው በሮም መንገድ ላይ እንጂ የተሰበረ ጠርሙስ በተበተነበት ጫካ ውስጥ አይደለም። ጠርሙሱንና ፕላስቲኩን የሚጥለው ደግሞ ከእኛው መሀል ለሽርሽር የወጣው ሰው ነው። የበላበትን ይዞ መውረድ ምን ይከብዳል?

መመለሻው ይመጣል። ጭቃ የነካውን ሰው ወያላው በዓይኑ ገርምሞ "ወንበሩን እንዳታቆሽሽ" ይላል፤ ትክክል ነው፣ ስለዚህ ፌስታል ይዘን ነው የምንሳፈረው። ሽሮ ሜዳ ሰልፍ፣ ፒያሳ ሰልፍ። ላቡ ጀርባ ላይ ይደርቃል፤ ብርዱ ይገባል። ሩጫው ሁለት ሰዓት ቢፈጅ መንገዱ አራት ሰዓት ይፈጃል። ቤት ሲደርሱ ደግሞ ውኃ በፈረቃ ነው፤ ዛሬ የእኛ ተራ አይደለም። ከጀሪካን ቀድቶ በመታጠቢያ ሳህን እግር መታጠብ ለእኛ ሰፈር ሯጭ የሩጫው ክፍል ሆኗል።

"ታዲያ መስቀል አደባባይ ሩጡ" ይሉናል። እንሮጣለን፤ ደረጃው ላይ ማልደው የሚወጡ የሚወርዱ ሰዎችን ማየት ደስ ይላል። ግን እሱም ድንጋይ ነው፤ ስብሰባና በዓል ሲኖርም ይዘጋል። ጃን ሜዳ አለ ይላሉ። ስንት አገር አቋራጭ የተሮጠበት ያ ሣር በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ጊዜ የአትክልት ገበያ ሆኖ እንደነበር የምናስታውስ ሰዎች፣ አንድ ሜዳ ምን ያህል በቀላሉ ከሕዝብ እጅ ሊወጣ እንደሚችል አይተናል። ወረርሽኝ ነበር፤ ግድ ነበር፤ ተመልሷልም። ሌሎቹ ሜዳዎች ግን ያለ ወረርሽኝ ሄደዋል፤ አልተመለሱም። በኅዳር ወር በታላቁ ሩጫ አንድ ቀን ከተማው ሁሉ ካናቴራ ለብሶ ጎዳናውን ይሞላዋል። ኃይሌ ገብረሥላሴ የመጀመሪያውን በ1994 ዓ.ም. ራሱ ሮጦ ካሸነፈበት ጊዜ ጀምሮ ያ ቀን የሚያሳየን ነገር ቢኖር ሕዝቡ መሮጥ እንደሚወድ ነው። ሌላው 364 ቀንስ?

የምንጠይቀው ስታዲየም አይደለም። ጫካው ውስጥ ያሉት የእግር መንገዶች አጥር ከመቆሙ በፊት ይመዝገቡ፤ የት ተነስተው የት እንደሚያደርሱ ካርታ ላይ ይውጡ፤ ማንም ቦታ ሲሰጠው መተላለፊያውን ክፍት የመተው ግዴታ ይኑርበት። መንገዱን የሚያውቁት እናቶቹ፣ አህያ ነጂዎቹና አትሌቶቹ ስለሆኑ መዝጋቢው መጀመሪያ እነሱን ይዞ ይውጣ። ቅዳሜና እሑድ ማለዳ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ደግሞ ከሜክሲኮ ተነስቶ በፒያሳና በሽሮ ሜዳ አድርጎ እንጦጦ የሚወጣ፣ ስድስት ሰዓት ላይ የሚመልሰን አንድ አውቶቡስ ይመደብልን። ሒሳቡን ከፍለን ነው የምንሄደው።